«ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል»፦ ትርጓሜውና መነሻው

በጅማ ሠፈሮች ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው የባልና የሚስት ጠባይ ሲመሳሰል ነው። ሁለቱም እንግዳ ተቀባይ ሲሆኑ በምስጋና፣ ሁለቱም ቋጣሪ ሲሆኑ ደግሞ በሐሜት ይነገራል። ካንድ ምንጭ የተቀዳ ውኃ በየትኛውም እንስራ ቢሞላ ጣዕሙ እንደማይለወጥ ሁሉ፣ ባንድ ጎጆ የሚኖሩ ሁለት ሰዎችም አመላቸው አንድ ነው ለማለት ነው። ፍቺው ትክክል ነው፤ እኔ ግን አባባሉ ስለ መመሳሰል ብቻ ሳይሆን ስለ ጸና ፍቅርም የሚናገር ሆኖ አገኘዋለሁ።

መነሻው ውኃ የመቅዳት ኑሮ ነው። «ባሕር» በአማርኛ የጨው ውኃን ብቻ ሳይሆን ሐይቅንም ይጠራል፤ በጣና ዳር የተቆረቆረችው ከተማ ባሕር ዳር የተባለችውም በዚሁ ነው። «ቀዳ» ደግሞ ውኃን ከምንጭ መውሰድንም፣ ጠላን ከጋን ማውጣትንም፣ ጽሑፍን መገልበጥንም የሚያመለክት ሰፊ ግስ ነው። መመሳሰልን ብቻ የሚያይ ሰው ከእነዚህ የመጨረሻውን ይሰማል። እንስራ አዝላ ወንዝ የወረደች ሴት ግን ሌላም ነገር ታውቃለች፤ ማታ የሞላው እንስራ ጠዋት ይጎድላልና ወደዚያው ምንጭ እንደገና መውረድ ግድ ነው። አባባሉም «ተቀዳ» ብሎ ነገሩን በሠርጉ ቀን አይዘጋውም፤ «ይቀዳል» ይላል።

ይህ ውኃ ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 5 ከቁጥር 15 እስከ 19 ሰው ከገዛ ጕድጓዱና ከገዛ ምንጩ እንዲጠጣ፣ በልጅነት ሚስቱ ደስ እንዲለው፣ በፍቅሯም ሁልጊዜ እንዲረካ ይመክራል። ልብ ሊባል የሚገባው ታማኝነት በክልከላ ብቻ አለመነገሩ ነው፤ ወደ ሌላ ምንጭ አትሂድ የሚለው ቃል ከራስህ ምንጭ ጠጥተህ እርካ ከሚለው ጋር አብሮ የተሰጠ ነው። በአገራችን የመኝታ ነገር በአደባባይ አይወራም፤ ጨዋነቱንም እወደዋለሁ። ነገር ግን ዝምታው ወጣት ባለትዳሮችን ናፍቆት የጫጉላ ሰሞን ብቻ ነው፣ ከልጅ በኋላ መፈላለግም ነውር ነው ወደሚል አሳብ ሲመራቸው ያሳዝነኛል። የዕብራውያን መልእክት (13፥4) መጋባት ክቡር፣ መኝታውም ንጹሕ ይሁን ሲል የሚያከብረው ይህንኑ መኝታ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት (7፥5) ባልና ሚስት ለጸሎት ሲሉ፣ ያውም ተስማምተውና ለጊዜው ካልሆነ በቀር፣ እርስ በርሳቸው እንዳይከላከሉ፣ ከዚያም ዳግመኛ አብረው እንዲሆኑ ያዝዛል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ባለትዳሮች በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከመኝታ ሲታቀቡ የሚይዙት ይህንኑ ሥርዓት ነው። ስምምነቱ የሁለቱም ነው፤ መመለሱም እንደ መታቀቡ የታዘዘ ነው። ይህን ሥርዓት በፍቅር የያዙ ሰዎች ፋሲካን በሁለት ደስታ እንደሚቀበሉት ከብዙዎች ሰምቻለሁ።

በጅማው ሕርማታ ሠፈር የሚኖሩ፣ በተክሊል የተጋቡና የልጅ ልጅ ያዩ ጎረቤቶች አሉኝ። በክረምት ባልየው በዝናብ ርሰው ሲገቡ እማወራዋ ጋቢያቸውን ተቀብለው ከምድጃው አጠገብ ይሰቅሉታል፤ አባወራውም እማወራዋ አጠገባቸው ካልተቀመጡ በቀር አቦሉን አይቀምሱም። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ «እማማ፣ ካንድ ባሕር ይቀዳል የሚባለው እውነት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጀበናውን አስቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ከመንገዱ ሰው ሁሉ መካከል የእርሳቸውን ኮቴ ለይቼ እሰማለሁ፤ በሩ ሳይከፈት ልቤ ቀድሞ ይነሣል» አሉኝና፣ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈን አደረጉ።