«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»፦ የሥራ ቦታ ጠብና የሽማግሌ ጥያቄ

ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ተቀምጦ ባለጉዳይ ሲቆም ከሚሰሙት የመክፈቻ ቃሎች አንዱ ይህ ነው፦ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»። ባለጉዳዩ ራሱ ሲለው «ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አታቋርጡኝ» ብሎ መለመኑ ነው። ሽማግሌው ሲሉት ግን ትእዛዝ ይሆናል፤ «ከመሃል አትጀምርልኝ»።

«ነገር» በግእዝ ንግግርም ጉዳይም ነው። አማርኛ ጠብንም ጨመረበት፤ ነገረኛ፣ ነገር ፈላጊ የምንለው ለዚህ ነው። «ጥሩ» የሚለውን ደግሞ ዛሬ መልካም ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። የመጣው ግን ከግእዙ «ጽሩይ» ነው፤ የጠራ፣ ያልደፈረሰ። ጥሩ ወርቅ ስንልም ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ማለታችን ነው። ስለዚህ ምሳሌው ውሃን ከጠራበት ቅዳ ይላል።

የዚህ አነጋገር ቤቱ ሙግት ነው። በቀድሞው የቃል ሙግት፣ በ«በላ ልበልሃ» እና በ«ተጠየቅ» ዘመን፣ ተሟጋች ክርክሩን በምሳሌና ቤት በሚመታ ንግግር ያጅብ ነበር። ዛሬም ፍርድ ቤት የትኛውን ዓይነት ጉዳይ ማየት እንደሚችል ሲናገር «የሥረ ነገር ሥልጣን» ብሎ ያችኑ ሥር ይጠራል።

የውሃውን ነገር ጎጃሜ በዓይኑ ያየዋል። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ውሃው ጠበል ነው፤ ሰው ለፈውስ ይጠጣዋል፣ ይጠመቅበታል። ያው ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ሲወርድ በክረምት አፈር ተሸክሞ ይደፈርሳል። ታች ቆሞ ላየው ከመነሻውም እንዲያ የነበረ ይመስላል። ለሽማግሌ የሚቀርበው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ያ የታችኛው ውሃ ነው።

ደብረ ማርቆስ፣ የአንድ እንጨት ሥራ ቤት ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። አናጢው የሦስት ቀን ደመወዝ ተቆረጠብኝ ብሎ ሥራ አቁሟል። አሠሪው ሳያስፈቅድ ቀረ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በሦስቱ ቀን ላይ ረጅም ሰዓት ከተጨቃጨቁ በኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በወጣትነታቸው ራሳቸው መጋዝ የሳቡ ሰው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ እነዚያን ቀኖች የት ሰነበትክ?» አሉት።

አጎቱ ሞቶ ነበር፤ ያሳደገው አጎቱ። በሥራ ባልደረባው መልእክት ልኮ ነበር፤ ባልደረባው ረስቶ ሳያደርስ ቀርቷል። «ገንዘቡስ ይቅር፤ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቼ ለቅሶ አልደረሰኝም» አለና ሳግ ተናነቀው። አሠሪው አለመስማቱን ማለ፣ አንገቱንም ደፋ። ከዚያ በኋላ የገንዘቡ ጉዳይ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

በእኔ እምነት የዘመኑ ሽምግልና ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎችን አስቀምጦ «በሉ ተሳሳሙ፣ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ» ማለት አድበስብሶ መሸኘት ነው፤ ቂሙ ከነሥሩ አብሯቸው ሥራ ይገባል። በተለይ አለቃ በሠራተኛዋ ላይ ጾታዊ ትንኮሳ ፈጽሞ ሲገኝ «የቤት ገመና ነው» ብሎ መሸፈን ከምሳሌው ጋር ፈጽሞ አይሄድም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለማስታረቅ ሥራ የያዘውን ስም እወደዋለሁ፦ አስማሚ። «ተስማማ» የወጣው ከ«ሰማ» ነው፤ አንዱ ሌላውን ሰማ እንደ ማለት። አስማሚም እንግዲህ ፍርድ አይሰጥም፤ ሁለቱን እርስ በርስ ያሰማል። በአዋጁ መሠረት በወል የሥራ ክርክር፣ ማለትም ሠራተኞችን በጋራ በሚመለከት ክርክር ላይ የተመደበ አስማሚ 30 ቀን አለው፤ በዚያ ውስጥ ካላስማማ ጉዳዩ ወደሚወስን አካል ይሄዳል። ተከራካሪዎቹ ራሳቸው የመረጡትን አስማሚ መያዝም ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ሠራተኛ ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ሽማግሌ «ዛሬ ነገ» ሲል ይርጋ፣ ማለትም መብትን በሕግ ለመጠየቅ የተሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ይቆጥራል። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ውሉ ከተቋረጠ ጀምሮ 3 ወር ነው፤ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር። በሰፈር ሽማግሌ ፊት መቀመጥ ብቻውን ይህን ቆጠራ አያቋርጠውም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ እርቁን በመሃላና በዋስ ብቻ ትቶ መነሳት አይገባም፤ ወረቀት ይኑር፤ የሚከፈለው፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሁለቱም ፊርማ።

የደብረ ማርቆሱ ሽማግሌም ይህን ያውቁ ነበርና የሦስቱን ቀን ክፍያ አስጽፈው አስፈረሙ። በማግስቱ አሠሪው ሚስቱን ይዞ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። መንገዱን የመራቸው ያ መልእክቱን ያላደረሰው ባልደረባ ነበር።