የግል ዳታ ጥበቃ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ሰርቨሩ አገር ውስጥ ነው፤ ዳታውም ተመስጥሮ ተቀምጧል፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የግል ዳታ ጥበቃ ነው የሚፈለገው?» ብለው ሲከራከሩ ሰማሁ። አባባሉ ለጆሮዬ አዲስ አይደለም፤ ከባንክ ሠራተኛም፣ ከሶፍትዌር ባለሙያም፣ የባሰ ሲመጣ ከሕግ አዋቂም ሰምቼዋለሁ። እኚህ ሰው የገለጹት የዳታ ደኅንነትን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ ግን የቁልፉን ጥንካሬ ብቻ አይመረምርም፤ ቁልፉን የያዘው ራሱ በእጁ በገባው ዳታ ምን እንዲያደርግ እንደተፈቀደለት ይጠይቃል።

አንድ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ጤፉን ለጎረቤቱ አደራ ሰጠ እንበል። ጎረቤትየው ጎተራውን ቆለፈ፣ ውሻ አሰረ፣ ሌባም ዝር አላለም፤ እሱ ግን እኩሌታውን ለሌላ ሰው አበደረ፣ በቀረው ደግሞ ድግስ ደገሰበት። ባለቤቱ ተመልሶ ሲጠይቀው «ቁልፉ እኮ አልተሰበረም» ቢል፣ አደራ በላ ከመባል የሚያድነው ሽማግሌ አይገኝም። እርግጥ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም። ጤፍ ሲዛቅ ይጎድላል፤ ዳታ ግን ሺህ ጊዜ ቢቀዳም ባለበት ሙሉ ሆኖ ስለሚታይ፣ ባለቤቱ ጎተራውን አይቶ አደራው መበላቱን ሊያውቅ አይችልም። የተበላ ጤፍ በሚቀጥለው መኸር ይተካል፤ የተሰራጨ የጣት አሻራ በምን ይተካል?

ይህ በእውን የደረሰ ነገር ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ከ140 ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑ ተጠቃሚዎቹ ስልክ ቁጥር ወይም የኢሜይል አድራሻ የተቀበለው መለያቸውን ከሰርጎ ገቦች ለመጠበቅ ነው ብሎ ነበር። በኋላ ግን ይኸው ዳታ ማስታወቂያ ለማነጣጠርም አገልግሏል። የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ምክንያት ከሶት ኩባንያው በ2022 የ150 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማማ። ለቅጣቱ ምክንያት የሆነው የሰርጎ ገብ ጥቃት አልነበረም፤ ተጠቃሚው ለአንድ ዓላማ የሰጠው ዳታ ለሌላ ዓላማ መዋሉ ነበር። በአስተያየት ሰጪው መለኪያ ብንሄድ ያ ዳታ «ተጠብቋል» ማለት ነው።

ሕጎቹም ሁለቱን ጉዳዮች አያምታቱም። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ (GDPR) በአንቀጽ 5 የዳታ አያያዝ መርሆዎችን ሲዘረዝር ደኅንነትን ያስቀመጠው ከስድስቱ ፊደል ተራዎች በመጨረሻው ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት ሕጋዊነት፣ የዓላማ ወሰን፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለመሰብሰብ፣ ትክክለኛነትና የማቆያ ጊዜ ገደብ ተቀምጠዋል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የቁጥጥሩን ኃላፊነት የሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የሳይበር ጥቃትን መከላከል ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሥራ ነው። ጉዳዩ የቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ተቋም በበቃ ነበር። ሰርቨሩ አገር ውስጥ መሆኑም ዳታው በየትኛው አገር ሥልጣን ሥር እንዳለ ሊወስን ይችላል፤ ጎረቤትየው ታማኝ መሆኑን ግን አያሳይም።

በዚህ ሁሉ ደኅንነትን ማቃለሌ አይደለም፤ ክፍት ጎተራ ውስጥ አደራ አይጠበቅም። የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ስልክ ቁጥሮችን በሀሽ ስልት (አንድን ቁጥር ሁልጊዜ ወደ አንድ ዓይነት፣ ሲያዩት ትርጉም ወደማይሰጥ ኮድ በሚለውጥ ስሌት) ቀይረው «ከእንግዲህ ስም አልባ ዳታ ነው» ይላሉ። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር የአገራችን የሞባይል ቁጥር ከመነሻው ቀጥሎ ስምንት አሃዞች ብቻ ስላሉት፣ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች ተደምረው ከ200 ሚሊዮን አይበልጡም። ምስጢራዊ ቁልፍ ካልተጨመረበትና ፈጣን የሀሽ ስልት ጥቅም ላይ ከዋለ፣ ተራ ላፕቶፕ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሮ ትክክለኛውን ለማግኘት ደቂቃዎች ይበቁታል። እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ለሌላ ድርጅት ሲተላለፍ እንግዲህ የተላለፈው የሰዎቹ ስልክ ቁጥር ነው።