የጉዞ ሸራ ምንድን ነው?

ጓደኛዬ ከሚኒያፖሊስ ወደ ዳላስ ሲዛወር ጀልባውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። 17 ጫማ የምትሆን፣ ያገለገለች ግን በደንብ የተያዘች ጀልባ ናት። በመኪናው ጎትቶ ሊወስዳት ወሰነ፤ እኔም ለአጃቢነት ገባሁ። ከመነሳታችን በፊት ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ አለበሳት፣ ግራና ቀኝ በገመድ ተበተባትና 35 ቁጥር ሃይዌይን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን።

አልበርት ሊ ስንደርስ ገና ሚኔሶታን አልጨረስንም። ሸራው ግን አልቆ ነበር። በስፖኪዮ ሳየው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ማደያ ገብተን ስንወርድ ገመዱ እንዳለ አለ፤ የብረት ቀለበቶቹም ገመዱ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከቀለበቶቹ ተቦጭቆ የሄደው ሸራው ነው። የባሰው ደግሞ ከስር ነበር። ሲማታበት የቆየውን የጀልባዋን ጎን በእጄ ዳበስኩት። እንደ መስታወት ያበራ የነበረው ደብዝዟል፤ ጣቴ ላይም ነጭ ዱቄት ቀረ።

«ምናለ ሳልሸፍናት በመጣሁ» አለ ጓደኛዬ። እውነቱን ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ጀልባ ሲጎተት ይሸፈን ወይስ አይሸፈን?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት «በምን?» የሚል ጥያቄ አለ ባይ ነኝ።

የጉዞ ሸራ የምንለው ለጀልባዋ ቅርጽ ተለክቶ፣ ለመጎተት ታስቦ የተሰፋ ሽፋን ነው። ብዙ ጊዜ ከወፍራም ፖሊስተር ይሠራል፤ ፖሊስተር ሲወጠር እምብዛም አይለጠጥም። ጠርዙ ውስጥ ገመድ ወይም ላስቲክ ስላለ ከጀልባዋ ከንፈር ወረድ ብሎ ይሸበባል። ከዚያ ማሰሪያ ቀበቶዎቹ ወርደው ተጎታቹ ብረት ላይ ይታሰራሉ። ደህና የተሠራው አናቱ ላይ የአየር መውጫ አለው፤ ሾልኮ የገባ ነፋስ እንደ ፊኛ እንዳይነፋው።

ጀልባ ውሃ ዳር ቆማ የምትለብሰው ሌላ ነው። እሱ ለፀሐይና ለዝናብ ነው የተሰፋው። አንዳንዱ የሚያያዘው እንደ ጃኬት በሚጫኑ ቁልፎች ብቻ ነው። ለቆመች ጀልባ ይበቃል፤ ሃይዌይ ላይ ግን ቁልፎቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ። አንዳንድ አምራቾች በጉዞ ላይ ለተቀደደ ሸራ ዋስትና አይሰጡም። ስትገዛ ወረቀቱን አንብብ።

ነፋስን ሰው ይንቀዋል። ግፊቱ የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ50 ማይል ወደ 70 ስትገባ የጨመርከው 20 ማይል ብቻ ይመስልሃል። ሸራው ላይ የሚያርፈው ግፊት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። በዚያ ላይ ትልቅ ትራክ ቀድሞህ ሲያልፍ የሚለቀው ነፋስ አለ። ጣት የምታስገባ ክፍተት ካገኘ ሥራውን ይጀምራል። የላላው ሸራ ይማታል፤ ከስሩ አቧራ ካለ ደግሞ በቃ፣ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ። የፋይበርግላስ ጀልባን የሚያስውበው ጄልኮት የሚሉት የላይኛው ስስ ሽፋን ነው፤ መጀመሪያ የሚፋቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ሸራ ከመልበሷ በፊት ትታጠብ። ደርቃም ትልበስ፤ እርጥብ ጀልባ ታፍና ከዋለች ወንበሩ ይሻግታል።

ራቁቷን ብትሄድስ? መንገዱ አጭር፣ ሰማዩም ጥሩ ከሆነ ምንም የለውም። ውስጧን ግን ባዶ ማድረግ ነው። የወንበር ትራስ፣ የሕይወት አድን ጃኬት፣ የበረዶ ሳጥን ክዳን፣ ሁሉም ይበራል። የሚያርፈውም ከኋላ በሚመጣ መኪና መስታወት ላይ ነው። የፀሐይ መከላከያ ጣሪያዋም ታጥፎ ይታሰር።

ጀልባ ማመላለስ እንጀራቸው የሆነ ብዙ ሹፌሮች «የጨርቅ ሸራውን አውልቀህ አስረክበን» ይላሉ። ወይ ባዶዋን ይጭኗታል፣ ወይ በሙቀት ተኮማትሮ ገላዋ ላይ በሚጣበቅ ፕላስቲክ ተጠቅልላ። እንዲያ የተወጠረ ፕላስቲክ አይማታም። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሸራ ሲወጥር ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

የእኔ ፍርድ ይሄ ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነና በልኳ የተሰፋ የጉዞ ሸራ ካለህ፣ አልብሳት። ከሌለህ ሰማያዊውን ሸራ ቤት ተወው። ቀበቶውን ስታስር አንድ ጊዜ ጠምዝዘው፤ ዝርግ ሆኖ ከተወጠረ ነፋስ ሲመታው እንደ በገና ይነዝራል። ከተነሳህ ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ ቆመህ እየው፤ በጉዞ መጀመሪያ የማይላላ ማሰሪያ የለም።

እኛ የቀረውን ቁራጭ ቆርጠን ጣልንና ባዶዋን ቀጠልን። ኦክላሆማ ላይ ዶፍ ያዘን። እንደ እድል ሆኖ፣ በሚኔሶታ ሕግ ጀልባ በመንገድ ስትጓጓዝ የውሃ ማስወጫ ቡሿ መውለቅ አለበት። ዜብራ የሚባለው ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመት ነው። ጓደኛዬ ያወለቀውን አልመለሰውም ነበር። ዝናቡ በላይ ይገባል፣ በኋላዋ እየተንዠቀዠቀ ይወጣል። ዳላስ ስንገባ ውስጧ የተኛ ውሃ አልነበረም። ምንጣፏ ግን ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀ።