«10 ዓመት» የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቋጥኝ የምንወጣ ሰዎች ደጋግመን የምንደናገርበት ነገር ነው። ገመድና የወገብ ማሰሪያ «ቢበዛ 10 ዓመት» ሲባል ከተገዛበት ቀን ነው ወይስ ከተሠራበት?

የመውጫ ዕቃ አምራቹ ፔትዝል ለምሳሌ ለጨርቅና ለፕላስቲክ ዕቃዎቹ የሚቆጥረው ከተሠሩበት ቀን ነው። ማሰሪያችሁ በ2015 ተሠርቶ በ2019 ብትገዙት፣ ዘመኑ የሚያበቃው በ2025 ነው። የተሠራበትን ዓመት ከውስጥ በተሰፋው ምልክት ላይ ፈልጉት። ሁሉም አምራች ግን እንዲህ አይቆጥርም። መደርደሪያ ላይ የቆየበትንና በአገልግሎት ላይ የዋለበትን ጊዜ ለየብቻ የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ዕቃ መመሪያ አንብቡ።

10 ዓመት ጣሪያ እንጂ ዋስትና አይደለም። ይህን አደራ አስተውሉ! የባትሪ አሲድ የነካው ገመድ ትናንት የተገዛ ቢሆንም አበቃለት። ከባድ አወዳደቅ የያዘ ወይም ሲታጠፍ አንድ ቦታ ላይ ልፍስፍስ የሚል ገመድም፣ ስፌቱ የተተረተረ ማሰሪያም እንደዚያው።

ብረት ሌላ ነው። ካራቢነር (ገመድ የሚያልፍበት፣ በር ያለው የብረት ቀለበት) በዕድሜ ብቻ አይጣልም። ከተሰነጠቀ፣ ገመድ በልቶት ጠርዙ ከሰላ ወይም በሩ በደንብ ካልገጠመ ግን ይጣላል።

የቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰካው መያዣ፣ ካም፣ ብረትም ጨርቅም ይዟል። ብረቱ ደህና ሆኖ የጨርቅ ማንጠልጠያው ሊያረጅ ይችላል። ማንጠልጠያውን የሚቀይሩ አምራቾች አሉ። ቤት ውስጥ ራሳችሁ አትስፉት፣ እባካችሁ።

የምትጥሉትን ገመድ ቆራርጡት። ካልሆነ ሌላ ሰው አንስቶ ይወጣበታል።