ዋጋ ሲንር ቤት መሥራት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብረቱም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም፣ የቧንቧ ዕቃውም ናረ። ቤት የጀመረ ሰው መላ መፈለጉ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው አብዛኛው መላ የሚያርፈው መሠረትና ኮለን (የቤቱ ቋሚ ምሰሶ) ላይ መሆኑ ነው፤ እዚያ የተቆጠበ ብር በኋላ በስንጥቅ ይመለሳል። ገንዘቡ በእርግጥ የሚፈስበት ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

«ሲሚንቶ ነገ ይጨምራል፤ ዛሬ ገዝቶ መከመር ነው»

መጨመሩስ ይጨምር ይሆናል። ሲሚንቶው ግን ሲቆይ ይደክማል፤ ደህና መጋዘን ውስጥ እንኳ በሦስት ወር ከጥንካሬው 20 በመቶ ያህል ሊያጣ ይችላል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቱን በጉም የምትከርም፣ በልግም የሚዘንብባት ከተማ ናት። እርጥበቱ ከወለል ስለሚነሳ ቀድሞ የሚጠጥረው የታችኛው ረድፍ ነው። እጅዎን ከረጢቱ ውስጥ ከተው በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ካገኙ፣ ያ ሲሚንቶ ለኮለንም ለቢምም (አግዳሚው ተሸካሚ) አይሆንም። ነፍቶ መጠቀም አያድነውም፤ ያልጓጎለውም ዱቄት እርጥበቱ ነክቶታል።

ቀድሞ መግዛት የሚያዋጣው ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ ብረትና ቆርቆሮ ነው። ሲሚንቶ የወር ሥራ የሚበቃውን ብቻ ያስገቡ። ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ከ10 ረድፍ ሳያስበልጡ ይደርድሩት። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

«ባለ 12 ብረት ሁሉም ባለ 12 ነው»

አይደለም። ትክክለኛው ባለ 12፣ ማለትም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት፣ በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ሜትር የሚረዝመው ቤርጋ (አንዱ የብረት ዘንግ) 10.7 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው። ባለ 10 ደግሞ 7.4 ኪሎ፣ ባለ 14 ወደ 14.5 ኪሎ ይመጣል። ባለ 12 ተብሎ የተሸጠልዎ 9 ኪሎ ብቻ ከሆነ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ከብረቱ 16 በመቶውን ወስዳለች። በቤርጋ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ብረቱንም ያጣል። በኪሎ የገዛው ገንዘቡ ባይነካም ኮለኑ መሐንዲሱ ካሰበለት ብረት 16 በመቶ ይጎድለዋል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ሦስት አራት ቤርጋ በዘፈቀደ መዝዞ ሚዛን ላይ ማውጣት ነው።

ብክነቱ የሚብሰው ቆረጣው ላይ ነው። 20 በ30 ለሆነ ቢም የባለ 8 ስታፋ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) ከነመንጠቆው 96 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ ከአንድ ቤርጋ 12 ይወጣል። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) በግምት 1 ሜትር ከ5 ሲቆርጥ 11 ብቻ ይሆናል። በመቶ ቤርጋ 100 ስታፋ ጠፋ ማለት ነው! የቆረጣ ዝርዝር በወረቀት ሳይወጣ መጋዝ አይነሳ።

«አርማታው ሲቀጥን በደንብ ይገባል»

ውሃ ሲበዛ አርማታው ይገባል፤ ሲደርቅ ግን ውሃው የነበረበት ሁሉ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ለአንድ ከረጢት (50 ኪሎ) 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ጀሪካን ከሩብ ይበቃል። አሸዋው ዝናብ ከነካው ከዚያም ይቀነሳል። መለኪያ ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይሞላዋል፤ ለ1፡2፡3 ቅይጥ (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይጨመራል። በአካፋ መቁጠር መለካት አይባልም። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ማጠጣት ነው፤ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ይህ ሆኖ ሳለ መጀመሪያ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ኦፒሲ (ንጹሑ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ለሁሉም ሥራ ይሻላል የሚባለውም ያለ ጥቅም ያስወጣል። ለልስንና ለግንብ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይበቃል።

«ተቆርጦ የወጣውን አፈር ከፊት ሞልቶ መደልደል መሠረት ይቆጥባል»

ይህ የደሴ ትልቁ ስህተት ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ አዝዋ ገደል አብዛኛው ቦታ ተዳፋት ነው። ከላይ ተቆርጦ ከታች ሲሞላ የቤቱ ግማሽ ነባር አፈር ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ይቆማል። ሙሌቱ አንድ ሁለት ክረምት ሲመታው ይሰምጣል፤ ነባሩ አይንቀሳቀስም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወርደው ስንጥቅ ምንጩ ይኸው ነው፤ በልስን ቢደፈንም ይመለሳል። መሠረቱ ሙሌቱን አልፎ ነባሩ ላይ፣ እንደ ደረጃ እየወረደ ማረፍ አለበት። የድጋፍ ግንቡም ከጀርባው ጠጠር፣ በየ2 ሜትሩ ደግሞ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ይፈልጋል፤ ግንቡን የሚገፋው ከአፈሩ ይልቅ የታቆረው ውሃ ነው።

ሜዳማው ኮምቦልቻ ላይ ጥቁር አፈር ካጋጠመ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት የሚያብጥ ነውና ተነሥቶ በገረጋንቲ (የማያብጥ የመሙያ አፈር) ይተካል። ገረጋንቲው በ20 ሴንቲ ሜትር ንብብር ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል።

«ለአሁኑ ቪላ፤ ልጆች ሲያድጉ ፎቅ እንጨምራለን»

ጣሪያው ላይ የተተወ ብረት ፎቅ አይሸከምም፤ የሚሸከመው ፉቲንጉ (ከኮለኑ ሥር ያለው የመሠረት እግር) ነው። ለፎቅ ታስቦ ካልተነደፈ ያ ብረት እየዛገ የሚቆም ገንዘብ ነው። ከታሰበ ግን ልዩነቱን አሁኑኑ ፉቲንግና ኮለን ላይ ይክፈሉ። ይህ አካባቢ የስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ የተነሳው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል።

«ዕቃ ኮምቦልቻ ላይ ይረክሳል»

ደሴ ለሚሠራ ሰው ዋጋው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ሳይት ላይ ተራግፎ ነው የሚነጻጸረው። አሸዋ ሲመጣም ከመገልበጡ በፊት ይለካ። የመኪናው ሳጥን 5.6 ሜትር በ2.3 ሜትር ሆኖ አሸዋው 1.2 ሜትር ላይ ከቆመ 15.5 ሜትር ኩብ ነው፤ 1 ሜትር ላይ ከቆመ ግን 12.9 ብቻ። ዘንግ ይዘው አራቱን ማዕዘንና መሐሉን ወግተው አማካዩን ይውሰዱ፤ ሂሳቡም የሚከፈለው በዚያ ልክ ይሁን።