ዘነበ ማለት አበባ ወጣ ማለት አይደለም

ሎስ አንጀለስ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ ዴዝ ቫሊ አበባው ወጣ አይደል? ቅዳሜ ውሰደን እንጂ!» ዴዝ ቫሊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ በረሃማ ሸለቆና ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እንግዳ ይዤ ወደዚያ የምመላለስ ሰው ስለሆንኩ መልሱን እዚሁ ልጻፈውና ይለይለት። አልወጣም።

እዚያ የሚያብበው አብዛኛው አበባ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚሞት ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የብዙዎቹ ሽፋን ላይ እንዳይበቅሉ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህን ካፊያ አያጥበውም፣ ደህና አድርጎ መዝነብ አለበት። ባይሆንማ በመጀመሪያው ካፊያ ሁሉም ይበቅልና ሳያብብ ደርቆ ያልቅ ነበር። ከዚያም በብርዱ ወራት ዝናቡ አልፎ አልፎ መምጣት አለበት፣ የሚያደርቅ ነፋስም መጥፋት አለበት። በዓመት በአማካይ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ሸለቆ ይህ ሁሉ የሚገጥመው ስንቴ ነው? ትልልቆቹ ዓመታት በፈረንጆች 1998፣ 2005 እና 2016 ነበሩ። የ2016ቱም የመጣው በኦክቶበር 2015 ከጣለው ከባድ ዝናብ ነው፣ ከወራት በፊት ማለት ነው! አንድ ቤተሰብ ይህን ብነግራቸው አልሰማ ብለው በዘነበ ማግስት ሄዱ፤ ልጆቹ ድንጋይ አይተው ተመለሱ።

«መንግሥት ነው የሚዘራው» የሚሉም አሉ። ማንም አይዘራውም።

«በረሃው እንዳለ ቢጫ ምንጣፍ ይሆናል» የሚለውም የፎቶ ጣጣ ነው። ቢጫው ዴዘርት ጎልድ ይባላል፣ ከአደይ አበባችን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በጥሩ ዓመትም ቢሆን እዚህ ሞልቶ እዚያ ባዶ ነው። ከመኪና ውረዱና ጎንበስ በሉ፤ ፋይቭ ስፖት የሚባለውን ሐምራዊ አበባ ከላይ ወደ ውስጥ ስታዩት አምስት ቀይ ነጠብጣብ አለው። ከመንገድ ላይ ሆኖ ይህን ማን ያየዋል?

«አንድ ብቀጥፍ ምን ይጎዳል?» ይጎዳል። የቀጠፍሽው የሚቀጥለውን ዘር ነው፣ በፓርኩም ክልክል ነው። ለፎቶ ብላችሁ መሀሉ አትተኙበት፣ የተረገጠው መልሶ አይነሳም።

ለመሄድ ካሰባችሁ በሸለቆው ጊዜው በፈረንጆች ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው። ካለፋችሁ ወደ ተራራው ውጡ፣ ከፍታው በጨመረ መጠን አበባው ይዘገያል። ፓርኩ ድረ ገጹ ላይ የአበባውን ሁኔታ ይጽፋል፣ እሱን ሳታዩ ሆቴል አትያዙ። ውኃ በብዛት ያዙ፣ ቤንዚን ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ። ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱት።