«249 ግራም ናት እኮ!» ከተማ ውስጥ ድሮን ስለማብረር በተሳሳተ መንገድ የምናምናቸው ነገሮች

አዲስ ድሮን የገዛ ሰው በኩራት የሚያሳያችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት ነው። 249 ግራም። ቁጥሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ብዙ አገሮች የምዝገባ ደንባቸውን ከ250 ግራም ስለሚጀምሩ፣ አምራቾቹ አንዲት ግራም ቆንጥረው ይሸጣሉ። ገዢውም «ሕጉ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ይገባል።

ከዚህ በታች ያሉት ድሮን ከሚያበርሩ ሰዎች አፍ ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። ደንቡ ከአገር አገር ስለሚለያይ ምሳሌዎቹን በብዛት የወሰድኩት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ኅብረት ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከ250 ግራም በታች ከሆነች ነፃ ናት»

ክብደቷ ቢያድናችሁ ከምዝገባ ነው። እሱም ሁልጊዜ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናናት ብቻ የምታበርሩ ከሆነ ትንሿን ማስመዝገብ አይጠበቅባችሁም። ለሥራ ከሆነ ግን ላባ ብታክልም ትመዘገባለች። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ካሜራ ካላት ባለቤቱ ይመዘገባል፤ ለልጆች መጫወቻነት የተሠሩት ብቻ ናቸው ከዚህ የሚወጡት። ካሜራ የሌላትን ደግሞ ማን ይገዛል?

የቀረው ሁሉ እንዳለ ነው። የከፍታው ገደብ፣ የተከለከለው ቦታ፣ ከዓይን ያለማራቅ ግዴታው፣ አንዱም በሚዛን አይቀነስም።

«አፑ ከ120 ሜትር በታች እስካሳየኝ ሰላም ነኝ»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጠንቃቃ የሚባሉት ሰዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ነውና።

የከፍታው ጣሪያ በአውሮፓ 120 ሜትር፣ በአሜሪካ 400 ጫማ ነው፤ ይህም 122 ሜትር ያህል ነው። የሚለካው ድሮኗ ካለችበት ቦታ በታች ካለው መሬት ነው። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ቁጥር ግን ከተነሣችበት ቦታ የተቆጠረ ነው። 30 ሜትር ከፍታ ካለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ አስነሥታችሁ ወደ መንገዱ አወጣችኋት እንበል። አፑ 100 ሲላችሁ ከአስፋልቱ 130 ላይ ናት። ሕጉ ተጥሷል፣ ስልኩ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማም ያው ነው። ከላይኛው ሰፈር ተነሥታ ወደ ታችኛው ስትሄድ፣ ሳትወጣም ከፍታዋ ይጨምራል። እኔም ይህ የገባኝ ጣሪያ ላይ ቆሜ በቁጥሩ ስኩራራ፣ አጠገቤ የነበረ ወዳጄ «ከየት ጀምሮ ነው የቆጠርከው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። መልስ አልነበረኝም።

«ሕንፃው ራሱ ከ120 ሜትር ከበለጠስ?» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ ለሥራ የሚያበርር፣ ፈቃድ ያለው አብራሪ ከሕንፃው በ400 ጫማ ርቀት ውስጥ እስከሆነ ድረስ ከጫፉ በላይ ሌላ 400 ጫማ መውጣት ይችላል። አውሮፓ ቆጠብ ይላል። ሕንፃው ከ105 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ባለቤቱም ከጠየቀ፣ በ50 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ሆኖ ከጫፉ 15 ሜትር ብቻ። ዝም ብሎ ለቪዲዮ ለሚያበርር ሰው ይህ በር አልተከፈተም።

ደግሞ 120 ሜትር ማለት ጣሪያው እንጂ የሁሉም ቦታ መብት አይደለም። ኤርፖርት አጠገብ የሚፈቀደው ከዚያ በጣም ሊያንስ፣ አንዳንድ ቦታም ዜሮ ሊሆን ይችላል። የዋሽንግተን ከተማን ብናይ፣ በ24 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ድሮን አይነሣም።

«ክልክል ቢሆን ኖሮ ድሮኗ ራሷ አትነሣም ነበር»

ድሮ ይህ በከፊል እውነት ነበር። የቻይናው ድሮን አምራች የዲጄአይ ድሮኖች የተከለከለ ቦታ ላይ አንነሣም ይሉ ነበር። ኩባንያው ግን ይህን አሠራር በ2024 በብዙ የአውሮፓ አገሮች፣ በጥር 2025 ደግሞ በአሜሪካ ተወው። አሁን የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ነክታችሁት ታልፋላችሁ፤ ድሮኗም ትነሣለች። ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

«ስክሪኑ ላይ እያየኋት ነው፣ አልራቀችብኝም»

በስክሪን ማየት እንደ ማየት አይቆጠርም። የድሮኗን ካሜራ ምስል በሚያሳይ መነጽር ዓይኑን ሸፍኖ የሚያበርር ሰው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ሰማዩን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ከተማ ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ አንድ ሕንፃ ዞር ካለች በቃ፣ የለችም።

በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ በእሳት ስትነድ፣ አንድ ሰው ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ድሮን አስነሣ። ቃጠሎውን ማየት ፈልጎ ነው። በረራ በጊዜያዊነት ታግዶ ነበር። ድሮኗን 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወሰዳት፣ ከዓይኑም ጠፋች። ከዚያ እሳቱን ለማጥፋት ከካናዳ የመጣ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተላተመች። ክንፉ ተበሳ፤ አውሮፕላኑ በዚያ ክፉ ሰዓት ለጥገና ቆመ። ሰውዬው በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል። ከአደጋ ቦታ በላይ ማብረር ለምን ክልክል እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው።

«ከቤቴ በላይ ያለው ሰማይ የኔ ነው»

አሜሪካ ውስጥ አንድ ዶሮ አርቢ ይህንኑ ይዞ ተከራክሮ ነበር። የጦር አውሮፕላኖች ከግቢው በላይ 25 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ሲያልፉ፣ ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ እየተላተሙ 150 ያህሉ አለቁበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 ሲፈርድ ግማሹን ለእሱ ሰጠ። መሬቱ መጠቀሚያ እስኪያጣ ድረስ ዝቅ ብሎ መብረር ካሳ ያስከፍላል። «የመሬት ባለቤትነት እስከ ሰማይ ጥግ ይደርሳል» የሚለውን ግን አልተቀበለም።

ስለዚህ የጎረቤት ድሮን ግቢያችሁ ላይ ብታንዣብብ በጥይትም ሆነ በድንጋይ አታውርዷት። አሜሪካ ውስጥ ድሮን እንደ አውሮፕላን ስለምትቆጠር፣ ማውረዱ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። በሌላ በኩል አብራሪውም «ሰማዩ የመንግሥት ነው» ብሎ መስኮት ማየት አይችልም። የግል ሕይወት ሕጎች በድሮን ካሜራም ላይ ይሠራሉ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሰማዩን የአገር አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ቢቆጣጠረውም፣ የቆማችሁበት መሬት ግን የከተማው ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ድሮን ለማስነሣትና ለማሳረፍ የከተማው ፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የፈቃድ አሰጣጡ የተጀመረው በ2023 ነው። የአቪዬሽኑን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ግማሽ ወረቀት ነው የያዘው።

«ገንዘብ ካልተቀበልኩ መዝናኛ ነው»

አይደለም፣ ቢያንስ አሜሪካ ውስጥ። ቤቱን ለሚሸጥ ጓደኛችሁ በነፃ ፎቶ ብታነሡ መዝናኛ አይባልም። ዋናው ዓላማው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን ይህን ክፍፍል ትቶታል፤ እዚያ የሚታየው በረራው ለሰው ምን ያህል አደገኛ ነው የሚለው ነው።

«ሕዝቡ ያን ያህል ብዙ አይደለም»

«ስንት ሰው ነው ስብስብ የሚባለው?» ይሉኛል። የአውሮፓው ደንብ ቁጥር አልሰጠም፤ ለኔ ጎበዝ ያሰኘውም ይሄ ነው። ጥያቄው ድሮኗ ብትወድቅ ሰዎቹ ዞር ማለት ይችላሉ ወይ ነው። መናፈሻ ውስጥ ተበታትነው የተቀመጡ መቶ ሰዎች ስብስብ ላይሆኑ ይችላሉ። ኮንሰርት መድረክ ፊት ተጠጋግተው የቆሙት ግን ማምለጫ የላቸውም። ከእነሱ በላይ ትንሿም ድሮን አትሄድም።

«ማታ ጭራሽ ክልክል ነው»

ይሄኛው በተቃራኒው ነው፤ ያልተከለከለውን መከልከል። በብዙ አገር ማታ ማብረር ይቻላል፣ መብራት ካለ። በአሜሪካ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ከ5 ኪሎ ሜትር ገደማ መታየት አለበት። በአውሮፓ አረንጓዴ ነው።

«ለሽርሽር ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባታለሁ»

ቀድማችሁ አጣሩ። ግብፅ በ2017 ባወጣችው ሕግ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ድሮን መጠቀም ወንጀል ነው። ሞሮኮም ያለ ፈቃድ ማስገባት አይቻልም። እዚያ ጉምሩክ ላይ «249 ግራም ናት እኮ» ብትሉ ሚዛን የሚያወጣላችሁ የለም።